ሬዲዮው ምን አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ጋዜጣው እዚህ ጎንደር አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው የሚደርሰን፤ ግድ የለም፣ እናነበዋለን። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቢረዝምባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ አልቀየምም። የግጥሟን ነገር ብቻ አትቁረጡብኝ።

ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን። ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ማታ 1 ሰዓት እስክዘጋ ድረስ ይናገራል። መብራት ቢጠፋ እንኳ በባትሪ ይሠራል። ሰው ሲገባ ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ሲወጣ ከፍ። እንዲህ ስል ስንት ዓመቴ።

ባለፈው ሰሞን ባለቤቴ ለቅሶ ውላ መጣች። ቀኑን ሙሉ ምንም አልሰማችም። ማታ እራት ስታቀርብ፣ «ዛሬ ሬዲዮው ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። አሰብኩ፣ ጣሪያውን አየሁ፣ አሁንም ምንም የለም። አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፤ የሳሙና ማስታወቂያ። እሱ ግን ከነዜማው፣ ከነሕፃናቱ አጃቢ፣ መጨረሻ ላይ ከምትስቀው ሴትዮ ጭምር አንዲት ቃል ሳይጎድል መጣ። ዘፈንኩላት። «በል እንግዲያው ሳሙናውን ገዝተህ ና» አለችኝና ወጡን ጨለፈች።

እሷ ረስታዋለች። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። 11 ሰዓት ሙሉ የተከፈተ ሬዲዮ አጠገብ ውዬ ሳሙና ብቻ ይዤ ቤቴ ገባሁ ማለት ነው።

ማግስቱን ከመደርደሪያው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወረድኩ። ጆሮዬ ውስጥ የገባውን ሁሉ ለአንድ ሳምንት ልጽፍበት። (ሱቅ ያለው ሰው እብደቱም አይከብደውም፣ ደብተሩ በነጻ ነው።) የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሳይደርስ ሦስት ገጽ ሞላ። ሊነጋ ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ማጉያ፣ ከወዲያ በኩል አዛን፣ ከዚያ የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ የሚጮህ ቀልድ፣ ባጃጅ ውስጥ ዘፈን፣ ሰው ጋ ስደውል ከማንሳቱ በፊት ሌላ ዘፈን፣ የአይጥና የበረሮ ማጥፊያ የሚሸጠው ልጅ በድምጽ ማጉያ ቀድቶ የሚያዞረው ድምጽ፣ ከአጠገቤ ደግሞ የሙዚቃ ጫኙ ሱቅ ስፒከሩን ወደ መንገዱ አዙሮ። የሱቄን ሬዲዮ ገና አልቆጠርኩትም። ይሄ ሁሉ በየቀኑ እየገባብኝ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ማን ነህ?» የሚለው እንኳ የለም።

ስለ ሙዚቃ ጫኙ ልጅ ትንሽ ላውራችሁ። እሱ ጋ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ዘፈን ይጭንልሃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ የልጁ ሱቅ ወረፋ ነበረው። አንድ ሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ስንቱን ቤት ዞረ። ያኔ አዲስ ነገር ስለማይመጣ ያንኑ ዘፈን ደጋግመን ነው የሰማነው። ሰው ግጥም በቃሉ ያወቀበት ጊዜ ነበር። እኔ እንኳ ያኔም አልሰማሁም፤ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

እና ይሄ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ በቀን አሥር ጊዜ የሚከፍተው አንድ ዘፈን አለ። ስሙን አልጠራም። ምቱ ፈጣን ነው፤ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ይከፈታል፣ ትከሻ የሌለው ሰው እንኳ ትከሻውን ያወጣለታል። እኔም ሥራ ሲቀለኝ ባንኮኒው ላይ እየመታሁለት ነው የኖርኩት። ደብተሬን ይዤ ቃሉን ልጽፍ ስቀመጥ ግን ጉድ ፈላ። አምስት ጊዜ አስደገምኩት። «ጋሼ፣ ወደዱት እንዴ?» ይለኛል ልጁ። ጽፌ ስጨርስ አነበብኩት። ሰውዬው ስደት ላይ ነው። እናቱ ሞታለች። ቀብሯ ላይ አልደረሰም፤ መርዶውን የነገረው ሰው እንኳ ስልኩን ቶሎ ዘግቶበታል። መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው፣ መቃብሯን ማን እያረመላት እንደሆነ ነው። ይሄን ነው እኛ ሙሽራ የምናስገባበት! ዘፋኙ ሆን ብሎ ይሆናል እንዲያ ያደረገው፣ ልቅሶን በጭፈራ መሸፈን ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። እኔ ግን ሸፋኑን ስጨፍርበት ኖሬ የተሸፈነውን አላየሁትም።

ግጥሙን ማን እንደጻፈው ልወቅ ብዬ ልጁን ጠየቅሁት። ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። «አዲስ ምርጥ 17» ይላል። በቃ። የዘፋኙም ስም የለበትም። «ማን ይጠይቃል ጋሼ» አለኝ። ልክ ነው፣ ከእኔ በፊት የጠየቀው የለም።

በእኛ ጊዜ ካሴት ሲገዛ መጀመሪያ የሚነበበው ሽፋኑ ነበር። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። አንዳንዴ ማሲንቆ የመታው፣ ክራር የተጫወተው ሁሉ ተጽፎ ታገኛለህ፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ወደ መስኮት አስጠግተን ነበር የምናነበው። ወንድሜ ዘፋኙን ሳይሆን ገጣሚውን አይቶ ነበር ካሴት የሚገዛው። «ይሄ ሰውዬ የጻፈው ከሆነ አምጣው» ይላል። አሁን እንዲህ ልበል ብል ማንን ልጥራ? ሕጉማ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996። ሥራው የእኔ ነው ብሎ በስሙ መጠራት የደራሲው መብት እንደሆነ ያውቃል። ሚሞሪ ካርዱ ግን አዋጅ አያነብም፣ ሬዲዮውም ዘፈኑን መሀሉ ላይ ቆርጦ ወደ ማስታወቂያ ሲገባ ከግጥም ደራሲው ይልቅ የስፖንሰሩን ስም ነው የሚጠራው።

አሁን ወደ ግጥሟ።

በጥምቀት ጊዜ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። እንግዳ ነውና ታቦት ሸኝተን፣ አረፍ ብለን፣ ማታ አዝማሪ ቤት ወሰድኩት። ብርድ ስለነበር ነጭ ጋቢዬን ተከናንቤ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በየሰዉ ፊት እየቆመ ያሞግሳል፣ ይሸለማል። እኔ ጋ ሲደርስ በእጄ «ዝርዝር የለኝም» ብዬ ምልክት ሰጠሁት። ነበረኝ። ግን ለታክሲና ለማግስቱ ያሰብኩት ነው፣ ደግሞም እንግዳው ሸልሟል፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል ብዬ። አዝማሪው ፈገግ ብሎ አለፈኝ። ትንሽ ቆየና ዞሮ መጣ። እንዲህ አለ፦

ጥግ ይዞ ዝም ያለው ነጭ ለባሹ ወፉ፣
ጠጋ ብዬ ባየው ብር አለ ከእቅፉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ከሁሉ አስበልጬ ነው የሳቅሁት፤ ስለ ርግብ የተገጠመ ቆንጆ ግጥም መስሎኝ ለእንግዳዬ «አየህ፣ የጎንደር አዝማሪ ማለት ይሄ ነው!» አልኩት። እሱ ብርሌውን አስቀምጦ እንባውን ይጠርጋል።

ማግስቱን ሱቅ ውስጥ ለምታግዘኝ ልጅ ግጥሙን ነገርኳት። 12ኛ ክፍል ናት፣ ከትምህርት በኋላ እየመጣች ፎቶ ኮፒ ታነሳልኛለች። ሁለተኛውን ስንኝ ገና ሳልጨርስ አፏን በእጇ ያዘች። «ምነው?» አልኳት። «ጋሼ አይቆጡኝ… ወፉ እኮ እርስዎ ነዎት።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልክ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «ብር አለ» ያለው ስለ ክንፍ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ጋቢዬም ታሰበኝ። ጥጉም ታሰበኝ። ሰሙን እኔ በላሁ፣ ወርቁን ቤቱ ሁሉ ተካፈለው።

አላለቀም። የአክስቴን ልጅ ደውዬ «ሰማህ ወይ ያ አዝማሪ ምን እንዳለኝ!» ስለው ዝም አለ። ከዚያ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ለአዝማሪው ያቀበለው እሱ ነው ለካ። አጠገቤ ተቀምጦ! ትከሻዬን ተደግፎ ነው አዝማሪው ጆሮ ውስጥ ስንኝ በስንኝ ያፈሰሰው። እኔ ያን ጊዜ ምን እየሰማሁ ነበር? እግዜር ይወቅ።

ለዚህ ነው የማፍረው። እዚህ አገር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡርቧክስን የመሰለ የአዝማሪ መንደር ባለበት አገር፣ ሰው አንድ ቃል በሁለት በኩል መስማት አይማርም፤ ከእናቱ ይወርሰዋል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ልጅ ሳለሁ ገና ሳይነጋ ላሊበሎች ደጃችን መጥተው ሲያዜሙ ትዝ ይለኛል፤ ባልና ሚስት ናቸው፣ እየተቀባበሉ፣ የአባወራውን ስም ከጎረቤት ጠይቀው እየጠሩ። ማዜሙን ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ነው የሚያምኑት ይባላል። አባቴ እንቅልፉን ስለፈለገ ቶሎ ስጧቸውና ይሂዱ ባይ ነው። አያቴ ግን እህሉን በቁና ይዛ በሩ ውስጥ ትቆማለች፣ አትሰጥም። «ተው እንጅ፣ ትጨርስ» ትላለች። ሴትዮዋ ስታዜም አያቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ አንዱ ቦታ ላይ «እሰይ!» ትላለች፣ አንዱ ቦታ ላይ ደግሞ «ይሄንንስ ካለፈው ዓመት ነው ያመጣሽው» ብላ ትተቻታለች። ጨርሰው ሲመርቁ ነው በሩ የሚከፈት።

ጎረቤቴ አንድ መሪጌታ አሉ፣ አርጅተዋል። የደብተሩን ነገር ስነግራቸው ሳቁብኝ። እሳቸው የጎንደር አቋቋም፣ ማለት የማሕሌቱን ዜማና ዝማሜ፣ የተማሩ ናቸው፣ በአታ ቤተ ክርስቲያን። አቋቋሙ «ላይ ቤት»ና «ታች ቤት» ተብሎ በሁለት ስልት እንደሚለይ ታውቃላችሁ፤ እሳቸው ከውጭ፣ ከቅጽሩ ግንብ ሥር ተቀምጠው፣ ማሕሌቱ ከውስጥ ሲሰማ የቱ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ቀኝ በኩል የቆመው ጎረምሳ ጸናጽሉን አንድ ጊዜ እንደዘለለ ሳይቀር ይነግሯችኋል። «የኔታ፣ እንዴት ነው እንዲህ የሚሰሙት?» አልኳቸው። «ስሰማ ሌላ ሥራ አልሠራም» አሉኝ። ከዚያ ስለ ዜማ ምልክቶቹ አጫወቱኝ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ምልክቱን የሠሩት ይባላል። ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት… ከፊደሉ በላይ እንደ ጉንዳን የምትሄደዋ ምልክት ድምጹ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ የምትናገር ናት። እንግዲህ አስቡት፣ በዚያ ዘመን አንድ ድምጽ እንዳይጠፋ ብራና ፍቀው ምልክት ያወጡ ሰዎች ነበሩ። እኛ ዘንድ «አዲስ ምርጥ 17»።

ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ስገባ ጨዋታ ይዣለሁ። ዘፈኑ በየትኛው ቅኝት እንደሆነ መገመት። አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁሉም አምስት አምስት ድምጽ ነው ያላቸው፣ የሚለያዩት በድምጾቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ቀላል ይመስላል። ሦስት ቀን በተከታታይ ተሳሳትኩ። አራተኛው ቀን ሾፌሩ፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ «አምባሰል ነው» ስለው በመስታወቱ አየኝና «ኧረ ባቲ ነው አባቴ» ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላደገም፣ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰማውን ስለሚሰማ ብቻ ነው። ማሲንቆውንም እንዳዳምጥ አደረገኝ። «ይሄ የኪቦርድ ነው፣ ይሄኛው የእውነት ነው» እያለ ከአንዱ ዘፈን ወደ አንዱ ያሻግረኛል። የእውነቱ ማሲንቆ ላይ የጭራው ደጋን ሲነሳ ትንሽ ይቧጭራል፣ ልክ ሰው ትንፋሽ ሲስብ። የኪቦርዱ አይተነፍስም። አዘዞ ስደርስ መውረጃዬን አልፌ ነበር።

ስለ ማስታወቂያ ብዙ አልልም፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው ይባላል። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛው፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ ተደረገ አይደል። እኔ መጥፋቱን ያወቅሁት ከዓመት በኋላ፣ ሰው ነግሮኝ ነው! በየበዓሉ እስክስታ እያስመታ ቤቴ ሲገባ የነበረ ነገር ውልቅ ብሎ ሲሄድ አላየሁትም። ሁለተኛው፣ ደብተሬ ላይ ስቆጥር በአንድ ቀን ሦስት ማስታወቂያ በሠርግ ዘፈን ዜማ ሲቀርብ ሰማሁ። አንዱ ብስኩት ነው፣ አንዱ ቀለም፣ አንዱ ቤት። የሙሽራ ዘፈን ሰምቼ ሆዴ ሲባባ ቀለም ይሸጥልኛል። ደግሞ አቅራቢው ከእንግዳው ጋር ወግ ይዞ፣ እየሳቀ፣ በወጉ መሀል «እኔ እንኳ ሰሞኑን የተጠቀምኩት…» ብሎ የሚገባው አለ። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ ማስታወቂያ ከመደበኛው ፕሮግራም ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። የሚሰማው ሰው ካልለየው ግን ማን ይለየዋል? እኔ ያንን ወግ ለባለቤቴ እንደ ቁም ነገር ይዤላት ገብቼ አውቃለሁ።

እንግዲህ ወደ እናንተ። እንዳትቀየሙኝ። ጋዜጣችሁ ለእንግሊዝ ኳስ አንድ ገጽ ተኩል ይሰጣል። እኔም አነባለሁ፣ ደጋፊ ነኝ። የትኛው ተጫዋች በስንተኛው ደቂቃ ጉልበቱን እንደታመመ ትነግሩናላችሁ። አዲስ አልበም ሲወጣ ግን የምትጽፉት አራት መስመር ነው፤ ድምጻዊው አልበም አወጣ፣ በዩቲዩብ ይሄን ያህል ሰው አየው፣ አለቀ። ምን አለ በአልበሙ? ግጥሙን ማን ጻፈው? ማሲንቆው የእውነት ነው ወይስ የኪቦርድ? ጉልበቱን የታመመውን ያህል እንኳ ቦታ አይሰጠውም።

የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በሳምንት አንድ ጥግ ስጡን። አንድ ሰሞኑን የሚሰማ ዘፈን ውሰዱ፣ ሙሉ ግጥሙን እንኳ ማተም ባትችሉ ስለ ምን እንደሆነ ንገሩን፣ ደራሲውን፣ ዜማውን የሠራውን፣ ያቀናበረውን ጥሩልን። ሌላ ሳምንት አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ስሙና ስንቱ ደቂቃ ወሬ፣ ስንቱ ደቂቃ ስፖንሰር እንደሆነ በሰዓት ቆጥራችሁ ጻፉ። ክፍለ ሀገር ያለነውም እንላክላችሁ። የአዝማሪ ስንኝ ከዚህ ከጎንደር ብቻ በየሳምንቱ ቢላክ ገጹ ይጠባችኋል። ጸሐፊ ካጣችሁ የሱቄን ልጅ ጠይቋት፣ ከእኔ ትሻላለች።

እኔ አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነኝ። ሬዲዮውን ጠዋት ለዜና አንድ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ለሙዚቃ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምከፍተው፤ ያን ጊዜ ፎቶ ኮፒ የሚፈልግ ሰው ትንሽ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ «ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?» ይለኝ ነበር። ለአዝማሪው ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ 200 ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። አላወቀኝም። ጋቢ አልለበስኩም ነበር።

ትናንት ማታ ባለቤቴ እንደገና ጠየቀችኝ። «ሬዲዮው ምን አለ?» ደብተሬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ፣ «እሽ በቃ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አለችኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ነጭ ለባሹ ወፍ
ከጎንደር